ዓይነቱ ያልታወቀ

ማተሚያ ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ላይ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ ፎቁ ላይ፣ ደረጃው እንዳለቀ በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አራሚዋ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ዘለል ብሏል፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት የፈጀችው እዚያችው ወንበር ላይ ነው። በስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። ባለቤቱም፣ የማሽን ሠራተኞቹም፣ ዘበኛውም «አራሚዋ» ነው የሚሏት። እሷም ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አራሚዋ ነኝ» ብላ ነው የምትጀምረው።

ዓይኗ የተመሰከረለት ነው። ሦስት ሰው አይቶ ያለፈውን ስህተት ገና ወረቀቱን ገልበጥ ስታደርገው ታየዋለች። የሙሽራውን አባት ስም ከሙሽራዋ አባት ጋር አደባልቆ የመጣ ስንቱን ደንበኛ ከጉድ አውጥታለች። ኢሜይል የሚባለው ነገር መጥቶ ሰው ሁሉ ሥራውን በዚያ መላክ ሲጀምር፣ ባለቤቱ «አንቺ ዓይንሽ አይስትም፤ የሚመጣውን አንቺው ተቀበዪ» አላት፤ በዚያው የእሷ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታደርገው የማተሚያ ቤቱን የመልእክት ሳጥን መክፈት ነው። የኢሜይሉ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር ለተያያዘው ፋይል ትንሽ ሥዕል ይሰጠዋል። ሰማያዊ ከሆነ ጽሑፍ ነው፤ ቀይ ከሆነ ተሠርቶ ያለቀ ገጽ ነው፤ ተራራና ፀሐይ ካለበት ፎቶ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጥጉ የታጠፈ ባዶ ነጭ ወረቀት ይመጣል፤ ከሥሩ «ዓይነቱ ያልታወቀ» የሚል ተጽፎበታል። ለእንደዚያ ያለው አራሚዋ አንድ ጊዜ ጽፋ ያስቀመጠችው መልስ አላት፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን ይሄዳል፦ «ክቡር ደንበኛችን፤ የላኩልን ፋይል ሊከፈት አልቻለም። እባክዎ በትክክለኛው ዓይነት እንደገና ይላኩልን። ከሰላምታ ጋር።»

ፕሮግራሙ የትኛው ምን እንደሆነ በምን እንደሚያውቅ ጠይቃ አታውቅም። ነጭ ነው ካለ፣ ነጭ ነው።

የምትኖረው ከማተሚያ ቤቱ ሃያ ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ሰፈር፣ ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው። አላገባችም፤ አልወለደችም። አከራይዋ ጆሯቸው የደከመ ሴትዮ ናቸው፤ በር ላይ ሲገናኙ እጅ ይነሳሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ከወጣች ሰኞ ጠዋት እስክትመለስ ድረስ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የምትከርምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰኞ ዘበኛውን «እንደምን አደርክ» ስትል ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣና ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ትለዋለች። ዘበኛው ጉንፋን ይመስለዋል። «ይቺ ጉንፋን ሰኞ ሰኞ ትወድሻለች» አላት አንድ ቀን። ሳቅ ብላ አለፈች።

ወንድም ነበራት። በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው፣ እሱም «ሚጢጢ» ይላታል። በተወለዱባት ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ይዞ ተጓዦችን የሚጠራ ሠራተኛ ነበር። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ ቦርሳ የጠፋበት ሰው የት ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት፣ ሁሉንም ለሰዉ የሚያሰማው እሱ ነበር። ቁጥር ሲጠራ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው፤ ደንቆሮም ቢሆን ይሰማዋል ይሉ ነበር የከተማው ሰዎች።

ከእሱ ጋር ከተቆራረጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ያኔ ማተሚያ ቤቱ ለሦስት ወር ሥልጠና ራቅ ያለ አገር ልኳት ነበር። እናታቸው ታመው ነው የተለየቻቸው፤ ሕመሙ ግን የሚያሰጋ አልመሰላትም። እሑድ እሑድ ስትደውል ወንድሟ «ደህና ናት፤ አሁን ተኝታለች» ይላታል። ሥልጠናዋን ጨርሳ ለእናቷ የገዛችውን የሱፍ ሹራብ ይዛ በቀጥታ ወደ ቤት ስትሄድ፣ እናቷ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። አልጮኸችም። ሹራቡን በሩ ላይ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለችና በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። እሱ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላከላት፤ ሁለቱንም ሳትከፍት መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ እሱም ተወ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመልእክት ሳጥኑን ስታይ የወንድሟን ስም ከነአባቱ አገኘችው።

የማተሚያ ቤቱ አድራሻ በሚያትመው ቲኬትና ማስታወቂያ ሁሉ ግርጌ ስላለ ከዚያ ላይ እንዳገኘው ገባት። መልእክቱ ርዕስ የለውም። ከፈተችው፤ ውስጡም አንድ ፊደል የለም፤ «እንዴት ነሽ» እንኳን የለም። ያለው አንድ ተያያዥ ፋይል ብቻ ነው፤ ያ ጥጉ የታጠፈ ነጭ ወረቀት። ስሙ «4.11» ይላል። ከሥሩም «ዓይነቱ ያልታወቀ»።

ደጋግማ ተጫነችው። ፕሮግራሙ ይህን ፋይል የሚከፍትበት እንደሌለው ነገራት። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ከርሞ፣ ሲልክ የላከው ባዶ ወረቀት ነው? ቃል ቸገረው? ሁለት መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? እንዲህ እንዲህ ስትብሰለሰል ቆየችና እጇ ወደዚያች ወደለመደችው ቁልፍ ሄደ። ተሳስታ ነው እንዳይባል አልተሳሳተችም። ምን እየላከች እንደሆነ፣ ለማን እየላከች እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። «ክቡር ደንበኛችን፤ የላኩልን ፋይል ሊከፈት አልቻለም...»

ተጫነችው። ሄደ።

በልቧ ግን እንደገና ይልከዋል ብላ ጠብቃ ነበር። የዚያን ቀን ሳጥኑን አሥር ጊዜ ሳትከፍተው አልቀረችም። በማግሥቱም እንደዚያው። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ ከእሱ የመጣ ነገር የለም። «ይኸው ነው እንግዲህ» አለች ለራሷ፣ እና ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰባት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ኮምፒውተራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ስለቆፈሯቸው የውሃ ጉድጓዶች መጽሐፍ ጽፈው በኢሜይል ሲልኩ አራት ጊዜ «ክቡር ደንበኛችን» ተብሎ ተመልሶባቸዋል። ቁጣ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፤ ዝም ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መጽሐፋቸው ካልተከፈተ እንደማይነሱ ለባለቤቱ በጨዋ ደንብ ነገሩት። ሰው በእሳቸው ላይ እየተረማመደ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ባለቤቱም አፍሮ በማግሥቱ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ጠራ።

ቴክኒሻኗ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ከአራሚዋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የተመለሱትን ፋይሎች አሳዪኝ አለቻት። የመሐንዲሱን ስታይ ፈገግ አለች። አዛውንቱ ፋይላቸውን «የውሃ ጉድጓዶች 1.የመጨረሻ» ብለው ሰይመውታል።

«ይኸውልሽ» አለቻት። «ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ አያይም። የሚያየው ስሙን ነው። የመጨረሻው ነጥብ የት ነው ያለው ይልና ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ያነባል። ያ ቅጥያ ይባላል። የሚያውቀው ቅጥያ ከሆነ ሥዕሉን ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ያገኘው ‹የመጨረሻ› የሚል ነው። ‹የመጨረሻ› የሚባል ዓይነት ፋይል ደግሞ በዓለም ላይ የለም።»

አራሚዋ የላኪው ፕሮግራም ፋይሉ ምን እንደሆነ አይናገርም ወይ ብላ ጠየቀች። ቴክኒሻኗም ይናገራል አለቻት፤ የላኪው ፕሮግራም ፋይሉን ሲያያይዝ «ይህ ጽሑፍ ነው»፣ «ይህ ፎቶ ነው» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል፤ ነገር ግን እሱም ያንኑ ስም አይቶ ነው የሚለጥፈው። ስሙ ግራ ካጋባው «ምን እንደሆነ አላወቅሁም» ብሎ ይልከዋል። ያም አያይ፣ ይህም አያይ፤ ሁለቱም ስም ላይ ተማምነው ነው የሚኖሩት።

«ውስጡ ግን አይዋሽም» አለች ቴክኒሻኗ። «ማንኛውም ፋይል ማለት ይቻላል መጀመሪያው ላይ ማንነቱን የሚናገሩ ጥቂት ፊደላት አሉት። የሚያነብለት ካገኘ።»

ይህን እያለች የመሐንዲሱን ፋይል ስም ከነጥቡ ወዲያ ቆርጣ ሌላ ቅጥያ ሰጠችው። ነጩ ወረቀት ዓይናቸው እያየ ሰማያዊ ሆነ። ስትከፍተው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጉድጓድ ከነጥልቀቱና ከነሥዕሉ ፍንትው አለ። እንከን አልነበረበትም። አራቱንም ጊዜ ሲላክ እንከን አልነበረበትም።

አራሚዋ ገጹን ታየው ጀመር። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ከነጥቡ ወዲያ ያለው ቁጥር ቢሆንስ?» አለች።

«ቁጥርም ቢሆን ያው ነው።»

«ቀን ቢሆን? ቀን ለመጻፍ ብሎ ነጥብ ያደረገ ሰው ቢሆን?»

«ቀኑን እንደ ቅጥያ ቆጥሮ ነው የሚያነበው» አለች ቴክኒሻኗ፣ እና አየት አደረገቻት። የሴትዮዋ ፊት ተለዋውጧል።

አራሚዋ የመልእክት ሳጥኑን ወደ ታች፣ ወደ ታች ወሰደችው። ሰባት ሳምንት ወደ ኋላ። «ይችን እይልኝ» ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት። ቴክኒሻኗ ፋይሉን የውስጡን ጥሬ ፊደል በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተችው። ገጹ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ጢም ብሎ ሞላ፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ግን አንድ መሰላል የመሰለ ምልክት፣ አንድ ቃለ አጋኖ፣ ቀጥሎም ሦስት የላቲን ፊደላት፤ ኤ፣ ኤም፣ አር።

«ድምፅ ነው» አለቻት። «በስልክ የተቀዳ የሰው ድምፅ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ቅጥያውን አስተካከለችላት፣ የራሷን የጆሮ ማዳመጫ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላትና ታች ወርጄ ሻይ ልጠጣ ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

አራሚዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የተሰማት የአውቶቡስ ሞተርና የሰው ጫጫታ ነው፤ በር ተዘጋና ጫጫታው ራቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ጎርንኗል፤ ቃላቱን በአሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ነው የሚያወጣቸው፤ ግን እሱ ነው።

«ሚጢጢ። እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ። ጽሕፈት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ያኔም የእኔን ደብዳቤ እያረምሽ ታስቂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ በቃል ልናገር። ጉሮሮዬ ላይ ዕጢ ወጥቷል። በአሥራ አንደኛው ወር በአራት ይከፍቱኛል። ማንቁርቴን ከሥሩ ነው የሚያወጡት፤ ሕይወትህን ነው ወይስ ድምፅህን አሉኝ፤ ሕይወቴን አልኳቸው። እና ከዚያ ቀን በኋላ መናገር የለም።»

ሲተነፍስ ይሰማል።

«ስለ እናታችን ነው። ‹እንዳትነግራት፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች› አለችኝ። አስማለችኝ። እኔም የእሷን ቃል ጠበቅሁ ብዬ አንቺን ከለከልኩሽ። ስትሞት አጠገቧ መሆን የአንቺም ድርሻ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ወሰድኩት። ልክ አልነበርኩም። በሰው አፍ እንዳይሆን፣ በገዛ አፌ ልንገርሽ ብዬ ነው፤ አፍ ሳለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስልኬን ከእጄ አልለየውም። ብትደውዪ እናወራለን። ባትደውዪም አልቀየምሽም።»

ከዚያ የስልክ ቁጥሩን ተናገረ። በዚያ የጎረነነ ድምፅ፣ መናኸሪያ ውስጥ እንደሚጠራው እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ እየደገመ። ቀረጻው እዚያ ላይ አለቀ።

አራሚዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ፋይሉ የደረሳት ከቀዶ ጥገናው አሥራ ስድስት ቀን በፊት ነው። ቀኑ ካለፈ አሁን ከወር በላይ ሆኖታል። በዚያ አሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ከእሷ የደረሰው ነገር ቢኖር ያ መልስ ብቻ ነው። ክቡር ደንበኛችን።

ቴክኒሻኗ ሻይዋን ጠጥታ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። አራሚዋ በጓሮ በር ወጥታ፣ የተቆራረጠ የወረቀት ትርፍ በጆንያ በተከመረበት ጥግ ቆማ ስልክ እየደወለች ነው። ሦስት ጊዜ ጠራ። ተነሳ። ማንም «ሃሎ» አላለም። የሚሰማው አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲገባና ሲወጣ የሚያሰማው ፉጨት ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ፉጨቱ ቆመ፤ ከዚያ ፈጥኖ ቀጠለ።

ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። ስለ ነጥቡ፣ ስለ ቅጥያው፣ ስለ ነጩ ወረቀት አንዱን ከአንዱ እያምታታች ነገረችው። ዛሬ፣ አሁን ገና እንደሰማችው ነገረችው። ያንን መልስ የላከችው ግን አውቃ እንደሆነም ደበቅ አላደረገችም፤ ተናድጄ ነው የላክሁት አለችው። ንግግሯ ሲያልቅባት ፉጨቱን አዳመጠች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እዚያው ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጠች። መጥረጊያ የያዘው የማሽን ሠራተኛ ወጥቶ አየት አደረጋትና ተመልሶ ገባ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሆናል ስልኳ አጭር መልእክት አሰማ። «መልሥሽ ደርሶኛል። እኔን ክቡር ደምበኛ ያለኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ሳኩኝ። በኋላ ግን አልሳኩም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። «ነይ።»

ቅዳሜን አልጠበቀችም። ባለቤቱን ሦስት ቀን ፈቃድ ስትጠይቀው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደንግጦ አምስት ሰጣት። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ወደ ማታ ላይ ደረሰች። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቃላቱን እየዋጠ ይጠራል፤ ምን እንዳለ የሚሰማው የለም። ወንድሟ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። ከስቷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ቀለል ያለ ሻሽ ጠምጥሟል፤ ሻሹ ሲተነፍስ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሳያቅፋት በፊት ትንሿን ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ ነው ያቀፋት።

ቤቱ ያው የድሮው ነው። እሱም እንደ እሷ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አጥር የምትጋራው ልብስ ሰፊ ሾርባ ይዛ መጣችና፣ እሱ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ፣ ለአራሚዋ ያልጠየቀችውን ነገረቻት። ሆስፒታል ያደረሰችው እሷ ናት። ያን አሥራ ስድስት ቀን ስልኩን ሲበላም ሲተኛም ከእጁ አልለየውም ነበር። የቀዶ ጥገናው ዕለት እንኳን ይዞት ሊገባ ሲል ነርሷ ናት ጣቱን ፈልቅቃ የወሰደችበት።

«አንዴ እንኳን ምነው ብትደውልለት እላለሁ ለራሴ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አላውቅሽማ፣ ምን ልበልሽ? በልቤ ስረግምሽ ነው የከረምኩት።»

አራሚዋ ይገባኛል አለቻት።

ማታ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። እሱ በደብተር ላይ ይጽፋል፤ እሷ ትናገራለች። ሐኪሞቹ አንገት ላይ እየተደገፈ የሚያናግር መሣሪያ አለ ብለውት ነበር፤ የቆርቆሮ ድምፅ ነው፣ አልፈልግም ብሎ ጻፈላት። ስለ እናታቸው ስትጠይቀው ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ የመጨረሻ ቀናቸውን፣ ምን እንደበሉ፣ ማንን እንደጠሩ። እሷን ነበር የጠሩት። እያነበበች አለቀሰች፤ እሱም አላባበላትም፤ እስክትጨርስ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ከዚያ ስልኳን እያመለከተ ጆሮውን ነካ አደረገ። የላከላትን ድምፅ መስማት ፈልጎ ነው። ራሱ ዘንድ የነበረው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የቀድሞው ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ጠፍቶበታል። ከመምጣቷ በፊት ወደ ስልኳ አስገልብጣው ነበርና አጫወተችለት። አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አዳመጠ። ቁጥሩን ወደሚጠራበት ሲደርስ እጁን አንስቶ አስቆማት። ደብተሩን ሳበና «ጥሩ ድምጥ ነበረኝ» ብሎ ጻፈ።

«ነበረህ» አለችው።

ዓይኗ ግን ከጻፈው ቃል ላይ አልነሳ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነውና ጣቷ ወደ ስህተቱ ሲንቀሳቀስ አየው። እስክሪብቶውን አዙሮ ሰጣት። አረመችው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሻሹ ፈጠን ፈጠን እያለ ተነሳና ወደቀ። መሳቁ እንደሆነ የገባት ፊቱን ስታይ ነው፤ ድምፅ የለውምና።

በአራተኛው ቀን ከእኔ ጋር ናና እኔ ዘንድ ኑር አለችው። ሁለት ክፍል አለኝ፣ አንዱ ባዶውን ነው የሚያድረው አለችው። ብዙ አሰበና፣ «እዚህ ሰዉ ሁሉ ሳልናገር ያውቀኛል። እዚያ ድዳ ብቻ ነው የምሆነው» ብሎ ጻፈላት። እሷም ሥራዋን ትታ ወደዚህ ልትመጣ እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያንን ማንም አላነሳውም። በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት።

ማተሚያ ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን ተጽፎ የተቀመጠ መልስ መሰረዝ ነው። አሁን ነጭ ወረቀት ሲመጣ ስሙን ታያለች፣ ነጥቡን ትፈልጋለች፣ ቴክኒሻኗ ባሳየቻት መንገድ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ታነባለች። አብዛኛው ይከፈታል። እምቢ ያለውን ደግሞ ለላከው ደንበኛ በእጇ ትጽፍለታለች፤ ለእያንዳንዱ በስሙ። ባለቤቱ ጊዜ ታባክኛለሽ አላት አንዴ፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ለወንድሟ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ትደውላለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ በጥፍሩ ስልኩን ይመታል፤ አንዴ ከመታ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታ አይደለም። መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬ ቶሎ ያልቅባት ነበር። ሰው ያላወራ ሰው የሚያወራው ይጠፋዋል። ስለ ደረጃው፣ ስለ አከራይዋ፣ በቀን ስላረመችው ነገር እየቆነጠረች ታወራለች፤ ሲያልቅባት ዝም ትላለች፤ እሱም ዝም ይላል፤ ሁለቱም ሲተነፍሱ ይሰማማሉ። ከዚያ ደህና ሁን ትለዋለች፣ አንዴ ይመታል፣ ይዘጋሉ።

ባለፈው ረቡዕ ግን ደህና ሁን ካለችውና እሱም ከመታ በኋላ ስልኩን መዝጋት ረስቶት ኖሮ መስመሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ልትዘጋ ስትል ወንበር ሲጎተት ሰማች። የእግሩን ኮቴ ሰማች። የቧንቧ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ፣ መስኮት ሲዘጋ፣ የደብተር ገጽ ሲገለበጥ ሰማች። ልትጠራው አሰበችና ተወችው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወንድሟ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አዳመጠች፤ ክፍሏ እየጨለመ ሄደ፣ መብራቱን ግን ተነስታ አላበራችም።